የጠጅ መልክ ያለው ድንጋይ፦ ማይካን ከወረቀት ጋር መሥራት

አባቴ የመጨረሻ ደብዳቤውን ከደሴ የጻፈልኝ በ1997 ዓ.ም. ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ። ካረፈ በኋላ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ካርድ ልሥራ አልኩ። አራት ነን። ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ፣ ታናሿ ዱባይ፣ ወንድማችን ሲያትል፣ እኔ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ። ለእያንዳንዳችን ከዚያ ደብዳቤ አንድ አንድ መስመር እንዲደርሰን ፈለግኩ።

ጽሑፉን በፕላስቲክ ልሸፍነው ስል ጎረቤቴ አየችኝ። ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ወረቀት ስትቆርጥና ስትለጥፍ የኖረች። ከመሳቢያዋ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ስስ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። ቀለሙ ቁርጥ ጠጅ። ወደ መስኮቱ ሳነሣው ውስጡ እንደ ደመና የሚሄድ ጥላ አለው። «ድንጋይ ነው» አለችኝ። የደብዳቤው ኮፒ ላይ ሳስቀምጠው የአባቴ ጽሑፍ ከብርሌ ጀርባ ያለ መስሎ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፕላስቲክ አልነካሁም።

ያ ድንጋይ ማይካ ነው። አሁን ለእንቁጣጣሽም፣ ለክርስትናም፣ ለሠርግም የምሠራቸው ካርዶች ላይ ይገባል። ብዙ ቁራጭ አበላሽቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ማይካ ንብርብር ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ የተፈጠረ ማዕድን ነው፤ ነጋዴዎቹም ወፍራሙን ቁራጭ «መጽሐፍ» ነው የሚሉት። መሰንጠቁም፣ መቁረጡም፣ ማጣበቁም፣ መበላሸቱም ከዚህ ጠባዩ ይመጣል። እጃችሁ ይህን ከለመደ ሌላው ቀላል ነው።

ምን ዓይነት ልግዛ?

ለእኛ ሥራ የሚሆኑት ሁለት ናቸው። ሙስኮቫይት የሚባለው ጥርት ያለ፣ አንዳንዴ ትንሽ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የሚያደላ ነው። ስሙን ያገኘው ከሞስኮ ነው፤ ድሮ በሩሲያ በመስታወት ምትክ ለመስኮት ይገጥሙት ነበር። ፍሎጎፓይት የሚባለው ደግሞ የማርና የጠጅ ቀለም ያለው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉጂ፣ ሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድ የሚወጣበትን ጥቁር አብለጭላጭ ድንጋይ በእጁ የያዘ ሰው የማይካን ዘመድ ይዟል። እዚያ ያለው ግን ደቃቅና ጥቁር ነው፤ ለካርድ የሚሆን ሰፊ ቅጠል አይወጣውም።

እዚህ አሜሪካ የወረቀት ሥራ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የተገጣጠመ ነው። ትንንሽ የማይካ ቅጠሎችን ደራርበው በማጣበቂያ አንድ አድርገው በአራት ማዕዘን ይቆርጡታል። ቀለሙ የሚያምር የማር ቀለም ነው፤ እንደ ደመና የሚሄደው ጥላም ከዚያ ድርብርብ የሚመጣ ነው። እኔ ለጀማሪ ይህን እመክራለሁ። ዋጋውም ይቀላል፣ ቀለሙም ስህተት ይደብቃል። ጥርት ያለ ሰፊ ሙስኮቫይት የፈለገ ሰው ለጥንት የብረት ምድጃ በር መስኮት የሚሸጠውን ይፈልግ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔ የምገዛው በዓመት አንዴ ነው።

አንድ ጊዜ በኢንተርኔት አሥር ቅጠል አዘዝኩ። «የማይካ ቅጠል» ይላል፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ምስሉም ያብረቀርቃል። ሲደርሰኝ ግራጫ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ እንደ ካርቶን ደረቅ ነገር ሆነ። ለማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጠኛ ክዳን የሚሆን፣ ማይካ ተፈጭቶ የተጨመቀበት ነው። አይገለጥም፣ አያሳይም። ለምድጃው ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለካርድ ግን ምንም አይሠራም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል ወይ?

ዕቃው እጃችሁ ከገባ መፈተኛው ቀላል ነው። ማዕዘኑን በጥፍር ጫር አድርጉት። ማይካ ከሆነ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ቅጠል ይነሣል። ያን ቅጠል በትንሹ አጥፋችሁ ስትለቁት ተመልሶ ቀጥ ይላል። ፕላስቲክ በጥፍር አይገለጥም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በሕንድ ጃርክሃንድ ግዛትና በማዳጋስካር ሕፃናት ጉድጓድ እየገቡ ማይካ እንደሚለቅሙ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ለካርዴ ማማሪያ ብዬ የሰው ልጅ ጉድጓድ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ስለዚህ ሻጩን ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። መልስ ከሌለው አልገዛም። ከቤታቸው ዕቃ የሚያስወጡ አሮጊቶችና አሮጌ ዕቃ የሚሸጥባቸው ገበያዎች ድሮ የተገዛ ማይካ አያጡም፤ አብዛኛውን ከእነሱ ነው የማገኘው። ቁራጭም አልጥልም። ደቃቁን በጠርሙስ አጠራቅማለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

አሮጌ ካውያ ፈትታችሁ ማይካ ለማውጣት ግን አትሞክሩ። እውነት ነው፣ የካውያው ማሞቂያ ሽቦ የሚጠመጠመው በማይካ ላይ ነው። ነገር ግን ድሮ በተሠሩ ካውያዎችና መሰል ዕቃዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። እሱ ሳንባ ይጎዳል። ለአንዲት ቁራጭ ብላችሁ አትንኩት።

አገላለጡ

የምወደው ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ስጡት። ቀን ሥራ ውላችሁ እጃችሁ በደከመ ሰዓት አትጀምሩት።

ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጨርቅ ዘርጉ። ማይካውን እሱ ላይ አድርጉት። እርጥቡ ጨርቅ ሁለት ጥቅም አለው፤ አያንሸራትትም፣ ብናኙንም ይይዛል። የማይካ ብናኝ ለብዙ ጊዜ ከተተነፈሰ ሳንባ ላይ ይቀመጣል። እኛ ጥቂት ነው የምንነካው፤ ቢሆንም በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በአፍም «እፍ» አትበሉት። ሲያልቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ምግብ የምትሠሩበት መክተፊያ ላይም አትሥሩ።

አሁን አንዱን ማዕዘን ከጎን እዩት። ዓይናችሁን ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጋችሁ፣ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይሁን። ጠርዙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ይታያሉ። የገጾቹ አፍ ያ ነው። ቀጭን የስፌት መርፌ ያዙና ጫፉን ከመስመሮቹ በአንዱ ውስጥ አስገቡ። አትግፉ። መርፌውን በጣት መካከል ወዲህ ወዲያ አንከባሉት። ትንሽ ቆይቶ ማዕዘኑ ላይ ብርማ ነጥብ ታያላችሁ። አየር ገባ ማለት ነው። ያ ብርማ ነጥብ መንገዱ ነው። መርፌውን ቀስ እያላችሁ ወደፊት ስታስኬዱት ብርማው እየሰፋ፣ እንደ ቀስተ ደመና ቀለም እያወጣ ይሄዳል። ከግማሽ በላይ ሲሆን መርፌውን አውጡና ቅጠሉን በወረንጦ ሳይሆን በጣታችሁ ለስላሳ ክፍል ይዛችሁ ግለጡት። «ሽርር» የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ያን ድምፅ ስሰማ ዛሬም ደስ ይለኛል።

መንገዱን ከሳተ ቁሙ። አንዳንዴ ቅጠሉ መሐል ላይ ይቀጥንና ይበጠሳል። በዚያው ስትጎትቱ ሁለቱም ይበላሻሉ። ከተቃራኒው ማዕዘን ጀምሩና መሐል ላይ አገናኙት። ያ ካልሆነም የተበጠሰውን ጠርዝ እንዳለ ተዉት። ያልተስተካከለ ጠርዝ ማይካ ላይ ያምራል። ከመቀስ ይልቅ ተፈጥሮ የቆረጠው ይመስላል፤ እኔ ሆን ብዬ የምተወው ብዙ ጊዜ ነው።

ምን ያህል ይቅጠን? ለካርድ የወፍራም ወረቀት ያህል ውፍረት ይበቃል። ከዚያ የቀጠነው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የወፈረው ለመቁረጥ ያስቸግራል።

መቁረጥና መብሳት

ስለት ያለው ተራ መቀስ ይቆርጠዋል። ሚስጥሩ ከመቁረጥ በፊት ማሳሳት ነው። ወፍራሙን እንዳለ በመቀስ ከቆረጣችሁት ጠርዙ ይፈርሳል፣ ንብርብሩም ይከፈታል። ካተር ከሆነ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ሦስት አራት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ አስምሩበት። በአንድ ጊዜ ተጭናችሁ ለመጨረስ አትሞክሩ።

ክብ ወይም አበባ በመብሻ ለማውጣት ማይካውን በሁለት ስስ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ጫኑት። ወረቀቱ ጠርዙን ይይዘዋል። ለክር ቀዳዳ ስትበሱ ከጠርዙ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ግቡ። ከዚያ ከቀረበ ክሩ ሲጠብቅ ገምሶት ይወጣል።

ከአሜሪካ ጥንታውያን ሰዎች አንድ የማልረሳው ሥራ አለ። ኦሃዮ ውስጥ፣ ቺሊኮቲ ከተማ አካባቢ፣ ሆፕዌል ተብለው የሚጠሩት ሰዎች በሠሩት የመቃብር ጉብታ ከማይካ የተቆረጠ የሰው እጅ ተገኝቷል። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ዕድሜው ከ1500 ዓመት በላይ ነው። ማይካውን ያመጡት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ከደቡብ አፓላችያ ተራሮች ነው። የብረት መቀስ በሌለበት ዘመን ነው ያን የሚያህል ጥርት ያለ ጠርዝ ያወጡት። ፎቶውን ካየሁ በኋላ ካተሬን ይዤ መጣደፍ ትቻለሁ።

ማጣበቅ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

የመጀመሪያ ካርዴ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ነጩን የወረቀት ኮላ በሁለት ማይካ መካከል ቀባሁ። የአባቴ መስመር መሐል ላይ ነው። በማግስቱ ሳየው እንደ ጉም ነጭ ሆኗል። በሳምንቱም አልደረቀም። ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ውሃ ያለበት ኮላ የሚደርቀው ውሃው መውጫ ሲያገኝ ነው። ወረቀት ውሃ ይመጥጣል፣ አየር ያሳልፋል። ማይካ አያሳልፍም። በሁለት ማይካ መካከል የገባ እርጥበት እዚያው ይቀራል። ደግነቱ ያስቀመጥኩት ኮፒ ነበር። ዋናውን ደብዳቤ ወይም አንድ ብቻ ያላችሁን ፎቶ ፈጽሞ አታስገቡ። ኮፒ አድርጉ፤ ኮፒውም በሌዘር ማተሚያ ይሁን። የሌላው ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ኃይለኛ ማጣበቂያ ቀብተው «አሁን አይነቃነቅም» ይላሉ። ማጣበቂያው እውነትም ይይዛል። የሚይዘው ግን የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ካርዱ ትንሽ ሲታጠፍ ያ ገጽ ወረቀቱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና የቀረው ማይካ ከላዩ ተገልጦ ይወድቃል። ንብርብር ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ኮላ ብቻውን ማይካን አይዝም፤ ጠርዙን የሚጨብጥ ነገር ይፈልጋል።

ስለዚህ እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ከወፍራም ወረቀት መሐሉ ክፍት የሆነ ፍሬም እቆርጣለሁ፤ ክፍቱ ከማይካው በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ኮላ የምቀባው ፍሬሙ ላይ እንጂ ማይካው ላይ አይደለም። ማይካው በፍሬሙና በካርዱ መካከል ይቀመጣል፤ ጠርዙ በአራቱም በኩል ተጨብጦ፣ መሐሉ ነጻ ሆኖ። ኮላው ወረቀት ለወረቀት ስለሆነ ይደርቃል፣ አይታይም። ላዩ ላይ ሰም የተቀባ ወረቀት አድርጌ ከባድ መጽሐፍ እጭንበታለሁ፤ እስከ ማግስቱ።

ፍሬም ካልፈለጋችሁ በክር ወይም በፒን ያዙት። እንደ ጫማ ክር ቀዳዳ ያለው ትንሽ የብረት ቀለበት በማዕዘኖቹ ቢገባ ያምራል። በመዶሻ ስትመቱት ግን ቀስ፤ አንዴ በኃይል ከመምታት ሦስቴ ለስለስ አድርጎ መምታት ይሻላል። ባለ ሁለት እግር ፒን ከሆነ ደግሞ ምንም መምታት የለም፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

በመርፌና በክር መስፋትም ይቻላል። ቀዳዳዎቹን አስቀድማችሁ ብሱ፣ አራርቁ። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ማይካውን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያደርገውና በዚያው መስመር ይቀደዳል። ከሰም ጋር የታሸ የጥጥ ክር ጥሩ ነው። እናቴ ዳንቴል የምትሠራበት ዓይነት ነጭ ክር አለኝ፤ በጠጅ መልኩ ላይ ሲያርፍ ከወርቅ ክር ይበልጥብኛል።

መሐሉ ላይ ምን ይግባ?

ስስ የሆነ፣ ፍጹም ደረቅ የሆነ ነገር ሁሉ ይገባል። ዳንቴል፣ ቅጠል፣ ቴምብር፣ የድሮ ደረሰኝ ኮፒ፣ የጥጥ ክር። እኔ ግን መስከረም ሲመጣ የማስገባው አንድ ነገር ነው።

አደይ አበባ እዚህ የለም። ዘመዶቿ ግን አሉ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ረግረግ ባለበትና በመንገድ ዳር ቢጫ አበባ ይፈነዳል። ዕፀዋት የሚያጠኑ ሰዎች ከአደይ አበባ ጋር በአንድ ወገን ይመድቡታል፤ ወገኑን ቢደንስ ይሉታል። መጀመሪያ ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ልቤ ዘለለ። አሁን በየዓመቱ ከጎረቤቴ ግቢ ዳር አስፈቅጄ እቆርጣለሁ።

አበባውን ጠል ከደረቀ በኋላ፣ ረፋድ ላይ ቁረጡ። መሐሉ ያለው ጉብታ ወፍራም ስለሆነ አይጠፈጠፍም፤ ማይካውንም ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ የአበባውን ቢጫ ቅጠሎች አንድ በአንድ ነቅላችሁ በጋዜጣ መካከል አድርጉና ወፍራም መጽሐፍ ጫኑበት። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣውን ለውጡ። ሁለት ሳምንት ይቆይ። በጣታችሁ ስትነኩት እንደ ወረቀት ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም። ጥቂት እርጥበት ካለው በማይካው ውስጥ ይሻግታል፤ አየር አያገኝማ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ለክርስትና የሠራሁት ካርድ በወሩ ጥቁር ነጥብ አወጣ። ለእናትየው ሌላ ሠርቼ ወሰድኩላት።

ቅጠሎቹን ማይካው ላይ በወረንጦ እንደ አበባ መልሳችሁ ደርድሩ። መሐሉ ላይ በጉብታው ምትክ የቡኒ ወረቀት ክብ ወይም የቡና ቀለም ያለው ክር ቋጠሮ አድርጉ። በመርፌ ጫፍ የነካች ጥርት ያለ ማጣበቂያ ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ትበቃለች። ካልነካችሁት ካርዱ ሲቆም ሁሉም ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሁለተኛውን ማይካ አልብሱትና በፍሬም ያዙት። ከአንድ ድንጋይ የገለጣችኋቸውን ሁለት ቅጠሎች ከተጠቀማችሁ፣ ልክ በነበሩበት አቅጣጫ መልሳችሁ ብታገናኟቸው፣ ተዋድደው ይገጥማሉ። አበባው ድንጋዩ ውስጥ የበቀለ ይመስላል። ለዚህ ነው ስገልጥ በእርሳስ ሳይሆን በትንሽ ፕላስተር ማዕዘኑ ላይ ምልክት የማደርገው።

ካርዱን ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አታቁሙት። ማይካው ምንም አይሆንም፤ የአበባው ቢጫ ግን ይነጣል።

ማኅተም፣ ቀለም፣ ሙቀት

ማይካ ቀለም አይመጥጥም። ለወረቀት የሚሆነው የማኅተም ቀለም ላዩ ላይ ተኝቶ ይውልና በጣት ይጠረጋል። ለመስታወትና ለፕላስቲክ የሚሆነውን፣ ቶሎ የሚደርቀውን ግዙ፤ ስታዝኦን የሚባለው ይሠራል። ማኅተሙን ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። ካዘነበለ ይንሸራተታል። ከተሳሳታችሁ ቶሎ በአልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት።

በእጅ መጻፍ ከፈለጋችሁ ጽሑፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ። «እንኳን አደረሳችሁ» ይሁን ሌላ። ወረቀቱን ከማይካው ሥር አድርጋችሁ በማይጠፋ ቀጭን ማርከር ተከትላችሁ ቅዱት። ፊደሎቻችን እግርና ቀለበት ስላላቸው በወፍራም ማርከር ይደፈናሉ፤ በተለይ «ሏ» እና «ኳ»። ቀጭኑን ምረጡ።

በአክሪሊክ ቀለም ከጀርባው መቀባትም አለ። ይህ አሠራር ተገላቢጦሽ ነው፤ ከፊት የሚታየውን ዝርዝር አስቀድማችሁ ትሥላላችሁ፣ ጀርባውን በመጨረሻ ትሞላላችሁ። ሕንዶች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሙርሺዳባድ፣ በፓትናና በትሪቺኖፖሊ በማይካ ላይ ትንንሽ ሥዕል እየሣሉ ለእንግሊዞች ይሸጡ ነበር። የገበያ ሰው፣ ነጋዴ፣ የበዓል ሰልፍ። እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ የመሶብ ጌጥ መስመር ግን ከጀርባ በቀይና በአረንጓዴ እሞክራለሁ።

ማይካ ከፕላስቲክ የሚበልጥበት ዋናው ቦታ ሙቀት ነው። በማኅተም ቀለም ላይ የሚነሰነስ፣ ሲሞቅ ቀልጦ የሚያብጥ ዱቄት አለ። ወርቃማውን እወደዋለሁ። ፕላስቲክ ላይ ብትሞክሩት ይኮማተራል። ተፈጥሯዊ ማይካ ግን የዕደ ጥበብ ሙቀት መንፊያ አይጎዳውም፤ ምድጃ ላይ የኖረ ነገር ነው። የፀጉር ማድረቂያ ዱቄቱን አያቀልጠውም፤ ዋናውን መሣሪያ ተዋሱ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ማይካውን ካርዱ ላይ ከመግጠማችሁ በፊት አሙቁት፤ አለዚያ ወረቀቱ ይቃጠላል። የተገጣጠመውን ዓይነት ደግሞ ብዙ አታሙቁት። በመካከሉ ያለው ማጣበቂያ ይፈላና አረፋ ይሠራል። ከመንፊያው ርቃችሁ፣ እያንቀሳቀሳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ያጠራቀምኩት ደቃቅ ማይካ ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው። ጥርት ያለ ማጣበቂያ በወረቀት ላይ በብሩሽ ቀብቼ ፍርፋሪውን በጣቴ እጭንበታለሁ። እንደ ፕላስቲክ ብልጭልጭ አያንጸባርቅም። ጸጥ ያለ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥብ ድንጋይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚያበራው። ለሙት ዓመት ካርድ ከዚህ የተሻለ ጌጥ አላውቅም።

መላክ

የማይካ ካርድ አይታጠፍም። ተራ ፖስታ ውስጥ ከገባ የፖስታ ቤቱ ማሽን ያጎብጠዋል፣ ይሰነጠቃል። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ለፖስታ ቤት ሠራተኛው «አይታጠፍም፣ በማሽን አይለፍ» በሉ። ደረቅና ውፍረቱ የማይስተካከል ደብዳቤ ጭማሪ ይከፈልበታል፤ ክፈሉት። ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ ደግሞ እንደ ደብዳቤ አይቀበሉትም። እኔ በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ፣ በፕላስተር አስሬ፣ አረፋ ባለው ፖስታ ነው የምልከው። ካርቶኖቹ ከካርዱ በየጎኑ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይብለጡ፤ የሚሰበረው ማዕዘኑ ነው።

የአዲስ አበባው ግን በሰው እጅ ነው የሄደው። ለመንገደኛዋ «ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ በእጅ ቦርሳ ይሁን» ብዬ ለመንኳት። በሁለት ቀጫጭን መጽሐፎች መካከል አድርጋ ወሰደችልኝ። እህቴ በሌሊት ደወለች። ካርዱን አምፖል ላይ አንሥታ እያየችው ነው። «የኔ እመቤት፣ ይሄ "ልጆቼ ተያያዙ" ያለው እኮ ነው» አለችኝ። መስመሩን እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ከዚያ ስለ ቀለሙ ጠየቀችኝ። ጠጅ ነው አልኳት። አይ፣ የአባዬ የድሮ መነጽር ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ትንሽ ቢጫ ያለው መነጽር ነበረው።